የሁለት ወንድማማቾች ክርክር፦ ጄንጊስ ካን ምን ዓይነት ሰው ነበር?

ጥያቄ፦ «ከታናሽ ወንድሜ ጋር ሳምንቱን ሙሉ ስንከራከር ሰነበትን። እሱ ጄንጊስ ካን 40 ሚሊዮን ሰው የፈጀ አረመኔ ነው ይላል። እኔ ደግሞ ከባዶ ተነስቶ፣ ዘር ሳይቆጥር፣ ሃይማኖት ሳይለይ ሰው የሾመ ታላቅ መሪ ነው እላለሁ። ማናችን ነን ልክ? ጠባዩ እንዴት ነበር? ምን ትቶ አለፈ? መቃብሩስ እስከ ዛሬ ለምን አልተገኘም?»

መልስ፦

የመካከለኛውን ዘመን የእስያ ታሪክ ሳስተምር ብዙ ዓመት ሆነኝ። ይህ ጥያቄ ሳይነሳ ያለፈ ዓመት የለም። ክፍሉም እንደ እናንተ ቤት ለሁለት ይከፈላል። እኔ ግን ገዳዩና መሪው አንድ ሰው ነው ብዬ አምናለሁ። ወንድምህ የሚጠላው ነገርና አንተ የምትወደው ነገር ከአንድ ምንጭ ነው የቀዱት። ምንጩ ደግሞ ልጅነቱ ውስጥ ነው። ስለዚህ ታግሰህ ከዚያ እንድጀምር ፍቀድልኝ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ልጅነቱ የምናውቀው አብዛኛው ነገር የተገኘው «የሞንጎሎች ምስጢራዊ ታሪክ» ከሚባለው ድርሳን ነው። እሱ ከሞተ በኋላ ለገዛ ቤተሰቡ የተጻፈ ነው። ከአፈ ታሪክ የተቀላቀለበት ነገር አለ። ቢሆንም ጌታውን አይሸፍንም። ልጅ ሳለ ውሻ ይፈራ ነበር ይላል። ወንድሙን ገደለ ይላል። ሚስቱን ትቶ ሸሸ ይላል። የቤተ መንግሥት ሰው ስለ ንጉሡ እንዲህ ሲጽፍ እኔ ጆሮዬን እሰጠዋለሁ።

ተሙጂን፣ በኋላ ጄንጊስ ካን የተባለው፣ የተወለደው በ1162 ገደማ ነው፤ ዛሬ ሞንጎሊያ በምትባለው አገር፣ በኦኖን ወንዝ ዳር። አባቱ የሱጌ፣ እናቱ ሆኤሉን ይባላሉ። ሆኤሉን የተጠለፈች ሴት ናት። መርኪት ከሚባለው ጎሳ ከሆነው ባሏ ጋር በጋሪ ስትጓዝ፣ የሱጌ ከወንድሞቹ ጋር ደርሶ ቀማት። ይህን ጠለፋ ያዝልኝ፤ ዞሮ ይመጣል።

ልጁ 9 ዓመት ሲሞላው አባቱ ሚስት ሊያጭለት ይዞት ወጣ። ቦርቴ የምትባል፣ በአንድ ዓመት የምትበልጠው ልጅ ተገኘች። እንደ አገሩ ደንብ ልጁ አማቶቹ ቤት ቀረ። አባትየው ሲሰናበት የተናገራት አደራ እስከ ዛሬ ተጽፋ አለች፦ ልጄ ውሻ ይፈራል፣ ውሻ እንዳያስደነግጡብኝ። ወደ ቤቱ ሲመለስ የታታሮች ድግስ ላይ ደረሰ። ውሃ ጠምቶት ነበርና ከፈረሱ ወረደ። ታታሮች የድሮ ጠላታቸው መሆኑን ለዩት፤ መርዝ ደባልቀው ሰጡት። ቤቱ ደርሶ ሞተ።

ከዚያ ዘመድ ከዳ። ታይቺኡዶች የሚባሉት የሥጋ ዘመዶቹ መበለቲቱንና ልጆቿን ሜዳ ላይ ጥለው፣ ድንኳናቸውን ነቅለው ሄዱ። አንድ ሽማግሌ «ኧረ ተው» ቢላቸው ጀርባውን በጦር ወጉት። ሆኤሉን መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ፣ ወንዝ ለወንዝ እየሮጠች፣ የዱር ሽንኩርትና ሥራ ሥር እየቆፈረች አሳደገቻቸው። እነዚያ ልጆች ዓሣ የሚያጠምዱት ለጨዋታ አልነበረም፤ ለእራት ነው።

በዓሣ ምክንያት ነው የመጀመሪያው ደም የፈሰሰው። ቤክተር የሚባል ከሌላ እናት የተወለደ ታላቅ ወንድም ነበራቸው። ተሙጂንና ታናሹ ቃሳር ያጠመዱትን ዓሣ ቀማቸው። ከዚያ በፊትም በፍላጻ የጣሏትን ወፍ ወስዶባቸዋል። ለእናታቸው ከሰሱ። እሷም የጥንት አያታቸውን ተረት አነሳችባቸው። አያትየው ለአምስት ልጆቿ አንድ አንድ ፍላጻ ሰጥታ ስበሩት አለች፤ ሰበሩት። አምስቱን አስራ ስትሰጣቸው ግን አቃታቸው። እኛ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የምንለውን እነሱ በፍላጻ ነው የሚናገሩት። ልጆቹ የድንኳኑን በር መጋረጃ ወርውረው ወጡ። ቤክተር ጉብታ ላይ ተቀምጦ ፈረስ ይጠብቅ ነበር። አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ ሆነው በፍላጻ ገደሉት። እናታቸው ፊታቸውን አይታ አወቀች። ከጥላችሁ በቀር ጓደኛ የላችሁም ብላ ረገመቻቸው።

ይህን ለተማሪዎቼ ስነግር ክፍሉ ጸጥ ይላል። ከዚያ አንዱ እጁን ያወጣል፦ «ታዲያ አረመኔ አይደለም እንዴ?» እኔ ግን ሌላም ነገር ይታየኛል። ይህ ልጅ ሥጋ ዘመድ ማለት ሜዳ ላይ ጥሎህ የሚሄድ፣ ዓሣህን የሚቀማህ ማለት እንደሆነ ገና በጠዋቱ ተማረ። በሥጋ መታመን የሚባለው ነገር እሱ ውስጥ ያኔ ሞተ።

በሥጋ ፋንታ ምን እንደተካ የሚያሳየው ደግሞ የሚቀጥለው ታሪክ ነው። እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ይህን ነው።

እነዚያው ታይቺኡዶች ልጁ ሳያድግ እንቅጨው ብለው መጡበት። ያዙት። አንገቱ ላይ ከባድ የእንጨት ቀንበር ጠርቀው ከድንኳን ድንኳን እያዞሩ አሳደሩት። አንድ ማታ ግብዣ ላይ ሳሉ ጠባቂው አቅመ ቢስ ልጅ ነበር። ተሙጂን በቀንበሩ ጭንቅላቱን መቶት ሮጠ። ወንዝ ውስጥ ገብቶ ፊቱን ብቻ አውጥቶ ተኛ። ፍለጋ ከወጡት መካከል ሶርቃን ሺራ የሚባል ሎሌ አየው። አየውና እንዲሁ ተኛ፣ አልናገርብህም ብሎት አለፈ። ልጁ ጨለማው ሲበረታ ወደዚያው ሰው ቤት ሄደ። ቤቱን እንዴት ለየው? በድምፅ ነው። የሶርቃን ሺራ ቤተሰብ የጌቶቹን የባዝራ ወተት ሌሊቱን ሙሉ ሲንጥ የሚያድር ነው። ልጁ የመናጫውን ድምፅ ተከትሎ በር ላይ ደረሰ። አባትየው ደነገጠ። ልጆቹ ግን ተቆጡት። ቀንበሩን ፈትተው እሳት ውስጥ ጨመሩት። ልጁን ከድንኳኑ ጀርባ የበግ ፀጉር በተሞላ ጋሪ ውስጥ ቀበሩት። በሦስተኛው ቀን ፈታሾች መጡ። ድንኳኑን በረበሩ። ጋሪው ላይ ደርሰው ፀጉሩን ከላይ ከላይ እያነሱ መጣል ጀመሩ። እግሩ ጋ ሊደርሱ ትንሽ ሲቀራቸው ሶርቃን ሺራ እንደ ዘበት እንዲህ አላቸው፦ በዚህ ሙቀት በግ ፀጉር ውስጥ የሚችል ሰው አለ እንዴ? ልክ ነው አሉና ሄዱ። ሽማግሌው ልጁን አውጥቶ አመድ ልታደርገኝ ነበር እኮ አለው። አንዲት ባዝራ፣ የተቀቀለ የበግ ግልገል፣ ቀስትና ሁለት ፍላጻ ሰጥቶ ሸኘው። ኮርቻ አልሰጠውም። እሳት መለኮሻም አልሰጠውም፤ በየመንገዱ እያነደደ እንዳያስይዛቸው።

ዘመድ አሰረው፣ ሎሌ ፈታው። ተሙጂን ይህችን ሒሳብ ዕድሜውን ሙሉ አልረሳትም። በ1206 ነገሥታቱን ሁሉ አስገብሮ ጄንጊስ ካን ሲባል፣ ሶርቃን ሺራ የጠየቀው የግጦሽ አገር ተሰጠው፤ ከግብርም ነጻ ወጣ። የከረይቶችን ንጉሥ የኦንግ ካንን ሴራ ሰምተው በሌሊት ያስጠነቀቁት ሁለት ፈረስ ጠባቂዎችም እንዲሁ ከበሩ። ጀልሜ የሚባለው ጀግናው የቀጥቃጭ ልጅ ነው። አባቱ ወናፉን በጀርባው አዝሎ መጥቶ ነው ልጁን ያስረከበው። የጀልሜ ወንድም ሱቡታይ ደግሞ እስከ አውሮፓ መሀል ድረስ የዘለቀ ጦር መሪ ሆነ። እኛ አገር ቀጥቃጭ በምን ዓይን ይታይ እንደነበር ለሚያውቅ፣ ይህ ምን ያህል የሚደንቅ ነገር እንደሆነ አይጠፋውም።

ሠራዊቱን ያዋቀረበትን መንገድ የአማርኛ አንባቢ ያለ አስረጂ ይረዳዋል። አስር አለቃ፣ መቶ አለቃ፣ ሻለቃ። ከዚያ በላይ የእልፍ አለቃ። በ1206 የተቋቋሙት ሺዎች 95 ነበሩ። ፍሬ ነገሩ ቁጥሩ አይደለም። በአስር መከፋፈል በስቴፕ፣ ማለት በዘላኖቹ የሣር ሜዳ ምድር፣ ከእሱ በፊትም የነበረ ነው። እሱ የጨመረው፣ ያሸነፋቸውን ጎሳዎች በታትኖ በተለያዩ ሺዎች ውስጥ መደባለቁ ነው። ታታር፣ መርኪት፣ ናይማን፣ ከረይት እያለ ሲፋጅ የኖረ ሕዝብ በአንድ አስር አለቃ ሥር ጎን ለጎን ተሰለፈ። ከተመደበበት ሺ ወደ ሌላ መዛወር በሞት ያስቀጣል። ጎሳ የሚባለው ነገር እንዲህ ነው የፈረሰው። አንተ «ዘር ሳይቆጥር» ያልከው እዚህ ጋ ልክ ነው።

ስለ ታማኝነት ያለው ሕግ ለጠላትም ይሠራ ነበር። ጦር ሜዳ ላይ የፈረሱን አንገት የወጋውን ፍላጻ ማን እንደተኮሰ ሲጠይቅ፣ አንድ ምርኮኛ እኔ ነኝ አለ። አልዋሸም፣ አልተደበቀም። ተሙጂን ጓደኛ የሚሆን ሰው ይህ ነው ብሎ ጀቤ የሚል ስም አወጣለት፤ የፍላጻ ዓይነት ስም ነው። ጀቤ ከታላላቆቹ የጦር አዛዦች አንዱ ሆነ። ጃሙካ ደግሞ የልጅነት የቃል ኪዳን ወንድሙ ነበር። በረዶ በሆነው ኦኖን ላይ ሲጫወቱ ገጸ በረከት ተለዋውጠው የተማማሉ ናቸው። በኋላ ደመኛ ሆኑ። በመጨረሻ የጃሙካ የገዛ ተከታዮች ጌታቸውን አስረው አመጡለት። ተሙጂን ምን አደረገ? መጀመሪያ አሳልፈው የሰጡትን ሰዎች ጃሙካ ፊት አስገደላቸው። ጌታውን የከዳ ሰው እኔንም ይከዳኛል ማለቱ ነው። ጃሙካንም ደሙ ሳይፈስ፣ በክብር እንዲሞት አደረገው።

የወንድምህ ክርክር የሚነሳው ከዚሁ ላይ ነው። ለገባለት ለጋስ የሆነ ሰው፣ ላልገባለት ምንም የሚያዝን አንጀት አልነበረውም። በ1202 ታታሮችን ሲያሸንፍ የአባቱን ደም ለመመለስ ከዘመዶቹ ጋር መከረ። ውሳኔው ከጋሪ ጎማ መያዣ ችካል በላይ ቁመት ያለው ወንድ ሁሉ እንዲገደል ነበር። ችካሏ አጠገብ ልጅ ሲቆም አስበው። ቁመቱ ካላለፈ ይኖራል። ካለፈ የለም።

ከሞንጎሊያ ሲወጣ ይኸው ሕግ አብሮት ወጣ። ገብርና ከነንብረትህ፣ ከነእምነትህ ኑር። እምቢ ካልክ ወይም ከገበርክ በኋላ ካመፅክ አለቀልህ። በ1218 የሆነውን ተመልከት። 450 የሚሆኑ ነጋዴዎች ያሉበት የግመል ቅፍለት፣ ዛሬ ካዛኪስታን ውስጥ ወዳለችው ኦትራር ደረሰ። የከተማዋ ገዢ ሰላዮች ናችሁ ብሎ ፈጃቸው። ጄንጊስ ካን መጀመሪያ መልእክተኛ ነው የላከው፤ ገዢውን አሳልፈህ ስጠኝ አለ። የአገሩ ንጉሥ፣ የኽዋሪዝም ሻህ ሙሐመድ፣ ዋናውን መልእክተኛ ገደለና ሌሎቹን ጢማቸውን አዋርዶ መለሳቸው። በሞንጎል ዓይን መልእክተኛ መግደል ይቅርታ የለውም። በ1219 ዘመቱ። ቡኻራ በ1220 ወደቀች። ሳማርካንድ ተከተለች። በ1221 ኡርጌንች፣ መርቭ፣ ኒሻፑር። ሻሁ ሲሸሽ ሲሸሽ ካስፒያን ባሕር ላይ ባለች ደሴት ሞተ።

ሰራዊቱ እንዴት ያን ያህል ፈጠነ ለሚል፣ መልሱ ፈረሱ ነው። አንዱ ወታደር ከኋላው ትርፍ ፈረሶች ያስከትላል። ስንቁ የደረቀ እርጎና እኛ ቋንጣ የምንለው ዓይነት የደረቀ ሥጋ ነው። የእህል ጋሪ አይጠብቅም። ከተማ ለመስበር ግን ፈረስ አይበቃም፤ ለዚያ ከቻይና ያመጣቸው መሐንዲሶች ነበሩት። የተማረኩ ሰዎችንም ከፊት እያሰለፈ የገዛ አገራቸውን ግንብ የከበበውን ጉድጓድ እንዲሞሉ ያደርግ ነበር። ይህን ሳስተምር ድምፄ ይሰበራል። ወገንህ ግንብ ላይ ቆሞ ይተኩስብሃል፤ ጠላትህ ከኋላህ ይገፋሃል።

ከተማ ሲወድቅ ሕዝቡ ሜዳ ላይ ይወጣል። አንጥረኛው፣ ሸማኔው፣ አናጺው ተለይቶ ወደ ሞንጎሊያ ይጋዛል። ካልገበሩት ከተሞች የቀረው ሰው ብዙ ጊዜ ለሰይፍ ነው። ባሚያን ላይ የልጅ ልጁ ሙቱካን በፍላጻ ሞተ። በከተማው ትንፋሽ ያለው ነገር እንዳይተርፍ አዘዘ። ለልጁ ለቻጋታይ ነገሩን ከነገረው በኋላ እንዳታለቅስ ብሎ አዘዘው። ቻጋታይ አባቱ ፊት አላለቀሰም፤ ወጥቶ ነው ያለቀሰው።

ቁጥሩስ? የዘመኑ የፋርስ ጸሐፊዎች ለመርቭ ብቻ 1.3 ሚሊዮን፣ ለኒሻፑር ከዚያም በላይ ሙት ይቆጥራሉ። ከተሞቹ ያን ያህል ሰው የመያዝ አቅም አልነበራቸውም። «40 ሚሊዮን» የሚባለው ደግሞ ባብዛኛው የሰሜን ቻይናን ቆጠራ በማነጻጸር የመጣ ግምት ነው። በ1207 ገደማ ከ50 ሚሊዮን በላይ ይቆጠር የነበረው ሕዝብ በ1230ዎቹ ከ10 ሚሊዮን በታች ሆኖ ተመዘገበ። ያ ሁሉ ግን ሞተ ማለት አይደለም። ወደ ደቡብ የሸሸ አለ። ባሪያ ሆኖ በጌታው ስም የታለፈ አለ። ቆጣሪ ያልደረሰበት አለ። በረሃብና በበሽታ ያለቀም አለ። ጦርነቱ ራሱ እሱ ከሞተ በኋላ እስከ 1234 ቀጥሏል። ስለዚህ ለወንድምህ ንገረው፦ 40 ሚሊዮን ብሎ አይማል። አንተም ቁጥሩ ተጋነነ ብለህ እልቂቱን አታቅልለው። መርቭ በዘመኗ ከዓለም ታላላቅ ከተሞች አንዷ ነበረች። ዛሬ ቱርክሜኒስታን በረሃ ውስጥ የፈረሰ የጭቃ ግንብ ናት።

ሃይማኖትን በተመለከተ «የእምነት ነጻነት አባት» የሚሉት አሉ፤ ያ ዘመናዊ ልብስ ማልበስ ነው። እሱ ሰማይን የሚያመልክ ሰው ነው። የሚጸልይ ሰው ሁሉ፣ ቄስም ሼኽም መነኩሴም፣ ለእሱ ዕድሜ እስከጸለየ ድረስ ከግብር ነጻ ነው። ደግሞም አዋቂ ማዳመጥ ይወድ ነበር። ቺዩ ቹጂ የሚባል ከ70 ዓመት በላይ የሆነው የቻይና የታኦ ሃይማኖት መነኩሴ ነበር። ያለመሞት መድኃኒት ያውቃል ተብሎ ስለተወራ እስከ አፍጋኒስታን አስጠራው። በ1222 ሲገናኙ ካኑ መጀመሪያ የጠየቀው ያንኑ ነው። ሽማግሌው ዕድሜን መጠበቂያ ዘዴ እንጂ ያለመሞት መድኃኒት የለም ብሎ ቁርጡን ነገረው። ስንቱን ነገሥታት ያንቀጠቀጠ ሰው አልተቆጣም። ስለ እውነተኛነቱ አመሰገነው፣ ድንኳን ተከለለት። በሚቀጥለው ዓመት ካኑ አሳማ ሲያድን ከፈረስ ወደቀ። መነኩሴው አደን ይብቃህ አለው። ካኑም ምክርህ ጥሩ ነው፣ ግን እኛ ሞንጎሎች ከልጅነት ለምደነዋል፣ ወዲያው መተው ያቅተናል አለ። ለሁለት ወር ያህል አደን ተወ። እኔ ሰውየውን ከሁሉ ይበልጥ እንደ ሰው የማየው እዚህ ላይ ነው። 60 ዓመት የሞላው፣ ሞት የሚፈራ፣ ምክር የሚሰማ ሰው።

የሉ ቹጻይ የሚባል ምሁርም አለ። ዘሩ ከኪታኖች ነው። የኪታኖችን መንግሥት ያጠፋው ደግሞ ሰሜን ቻይናን የሚገዛው የጂን መንግሥት ነው። ጄንጊስ ካን ጂንን ሲወጋ ደምህን መለስኩልህ አለው። የሉ ቹጻይ ግን አባቴም አያቴም ጂንን አገልግለዋል፣ እንዴት ጌታዬን እንደ ጠላት አያለሁ አለ። ይህን መልስ ለሌላ ንጉሥ ብትሰጥ አንገትህ ይሄዳል። ተሙጂን ግን አማካሪው አደረገው። ጎበዙ ሰው በኋላ በካኑ ልጅ በኦጎዴይ ዘመን ለሚሊዮኖች ሕይወት ምክንያት ሆነ። አንዳንድ የሞንጎል መኳንንት ሰሜን ቻይናን ባዶ አድርገን ግጦሽ እናድርገው ሲሉ፣ እሱ በዓመት ምን ያህል ብር፣ ሐርና እህል በግብር እንደሚገባ አስልቶ አሳያቸው። ርኅራኄ የማያሳምነውን ሰው ግብር አሳመነው።

አሁን የአንተን ክርክር ልንካው። «ዘር ሳይቆጥር» ብለሃል። በሠራዊቱ ውስጥ ልክ ነህ። በገዛ ቤቱ ግን አይደለም። የሌላውን ሁሉ ጎሳ ካፈረሰ በኋላ የራሱን አነገሠ። ሕዝቡንና ግዛቱን ለእናቱ፣ ለወንድሞቹና ለልጆቹ እንደ ርስት አካፈለ። ከዚያ በኋላ ካን መሆን የሚችለው የእሱ ዘር ብቻ ሆነ። መንግሥቱ የተሰነጠቀውም እዚያው ላይ ነው።

ነገሩ ወደዚያ ጠለፋ ይመልሰናል። ሆኤሉን የተጠለፈችባቸው መርኪቶች ከዓመታት በኋላ ብድራቸውን ሊመልሱ በንጋት መጡ። የተሙጂን ቤተሰብ ፈረስ ፈረሱ ላይ ወጣ። አንድ ትርፍ ፈረስ ተስቦ ተወሰደ። ለቦርቴ ግን ፈረስ አልቀረላትም። አዎ፣ ለሚስቱ። መርኪቶች ወሰዷት። ተሙጂን ከኦንግ ካንና ከጃሙካ ጋር ዘምቶ አስመለሳት። ብዙም ሳይቆይ ጆቺ ተወለደ። ማን እንደ ወለደው በእርግጠኝነት የሚያውቅ አልነበረም። ተሙጂን ልጄ ነው አለ፤ እስከ መጨረሻም ከዚህ ቃሉ አልተመለሰም። ቦርቴንም ዋና ሚስቱ እንደሆነች አኖራት፤ ምክሯን ይሰማ ነበር። ይህ ግን ልጆቹን አላሳመነም። ወራሽ ሲመረጥ ቻጋታይ ተነስቶ ታላቁን ጆቺን የመርኪት ዲቃላ አለው፤ ተናነቁ። ሥልጣኑ ለሦስተኛው ልጅ ለኦጎዴይ ሄደ። በልጅ ልጆቹ ዘመን ነገሩ ለየለት። ከ1260 ጀምሮ ኩብላይና ወንድሙ አሪክ ቦኬ ተዋጉ። የጆቺ ልጅ በርኬ ደግሞ ፋርስን የሚገዛውን የአጎቱን ልጅ ሁላጉን ወጋ። ዘመድ ከዳኝ ብሎ ዓለምን የገለበጠ ሰው፣ መንግሥቱን ለዘመድ ሰጥቶ ዘመድ አፈረሰው።

ምን ተወ ላልከው፣ መጀመሪያ ሞንጎል የሚባል ሕዝብ ተወ። ከእሱ በፊት ሞንጎል ከብዙ ጎሳዎች የአንዱ ስም ነበር። ጽሕፈት ተወ። ከናይማኖች ጋር የተማረከው ኡይጉሩ ታታቱንጋ የጌታውን ማኅተም ታቅፎ ነው የተያዘው። የካኑን ልጆች ያስተማረው ከላይ ወደ ታች የሚጻፈው ፊደል እስከ ዛሬ አለ። በልጅ ልጆቹ ዘመን ግዛቱ ወደ 24 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ሰፋ። የፈረስ መለዋወጫ ጣቢያዎች ከቻይና እስከ ፋርስ ተዘረጉ። ነጋዴ፣ ሐኪም፣ ኮከብ ቆጣሪ፣ ባሩድ ዓለምን አቋርጦ ሄደ። በዚያው መንገድ ላይ ወረርሽኝም ሳይሄድ አልቀረም።

ስለ ዘር ደግሞ በ2003 የወጣው ጥናት በሰፊው ይወራል። በእስያ ሰፊ ክፍል ከሚኖሩ ወንዶች 8 በመቶው የአንድ አባት መስመር ይጋራሉ ይላል። አባትየው ጄንጊስ ካን ነው የሚለው ግን ግምት ነው። የሚነጻጸር አጥንት የለም። ከዚያ ወዲህ የወጡ ጥናቶችም ጥያቄ አንስተውበታል።

እኛንም በሩቅ ነክቶናል። በ1221 ደምያጥ በምትባለው የግብፅ ከተማ የነበሩት መስቀለኞች ከምሥራቅ ዳዊት የሚባል ክርስቲያን ንጉሥ እስላሞችን እየመታ መጣልን የሚል ወሬ ሰሙ። በአውሮፓ ተረት የሚነገርለት ቄስ ንጉሥ ዮሐንስ ወይም የእሱ ዘር ነው አሉ። የሚመጣው ግን የጄንጊስ ካን ሠራዊት ነበር። ያ የተስፋ ንጉሥ እስያ ውስጥ ሲጠፋባቸው፣ አውሮፓውያን በ14ኛው መቶ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ አዞሩት። በ1520 ፖርቱጋሎች ዐፄ ልብነ ድንግል ዘንድ ሲደርሱ ይህንኑ ንጉሥ ፍለጋ ነው የመጡት። ሌላም አለ። በ1260 ፍልስጤም ውስጥ ባለው ዓይን ጃሉት ላይ የሁላጉን ጦር ካቆሙት አዛዦች አንዱ ባይባርስ ነበር። ወዲያው የግብፅ ሱልጣን ሆነ። ዐፄ ይኩኖ አምላክ ጳጳስ ላክልኝ ብለው የጻፉት ለእሱ ነው።

በገዛ አገሩም ስሙ ቀላል አልነበረም። በሶቪየት ዘመን ሞንጎሊያ ውስጥ እሱን ማወደስ ያስቀጣ ነበር። በ1962፣ 800ኛ ልደቱ ሲታሰብ፣ በዓሉን ያዘጋጁ አንድ ከፍተኛ ባለሥልጣን ከሥልጣን ተባረሩ። ዛሬ ከኡላንባታር ውጭ 40 ሜትር የሚረዝም ሐውልት ፈረስ ላይ ተቀምጦ ይታያል።

መቃብሩን የጠየቅከው መልካም ነው። በነሐሴ 1227 ዢ ሺያ የሚባለውን መንግሥት ሲወጋ ሞተ። በምን እንደሞተ ምንጮቹ አይስማሙም። አስከሬኑ ወደ አገሩ ተወሰደና በምስጢር ተቀበረ። ምልክት አልተደረገበትም፤ የዘላኑ መኳንንት ልማድ እንዲያ ነው። ብዙዎች ቡርካን ካልዱን የሚባለው ተራራ ላይ ነው ይላሉ። ሞንጎሎች ተራራው እንዲቆፈር አይፈልጉም፤ ቅዱስ ነው፣ ከ2015 ጀምሮም የዓለም ቅርስ ነው።

ተራራው ያው ተሙጂን ቦርቴን ትቶ የሸሸበት ነው። መርኪቶች ሦስት ጊዜ ዞረው ሳያገኙት ተመለሱ። ሲወርድ መታጠቂያውን አንገቱ ላይ አደረገ። ባርኔጣውን እጁ ላይ አንጠለጠለ። ደረቱን እየመታ ዘጠኝ ጊዜ ለፀሐይ ሰገደ። ቅማል የምታህለውን ሕይወቴን ይህ ተራራ አተረፈልኝ፣ በየማለዳው እሰዋለታለሁ፣ የልጅ ልጆቼም ያስቡት አለ። ያን ጊዜ የሚሰማው ሠራዊት አልነበረውም፤ ድንኳኑም ሚስቱም ተወስደዋል።